የምንጣፍ ፀጉር

ምንጣፍ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ቀለሙን ያያል፣ ቀጥሎ የፀጉሩን ርዝመት። እግር ሰመጥ ሲልበት የተጠራው ዋጋ ብዙም አይከብድም፤ ሻጩም ይህን ያውቃል። ዕድሜውን የሚወስነው ግን ጥግግቱ ነው። ምንጣፉን ወደ ኋላ አጠፍ አድርጎ እጥፋቱን መመልከት ይበቃል፤ ሥር ያለው ጨርቅ ወለል ብሎ ከታየ ፀጉሩ የሳሳ ነው። የሳሳ ረጅም ፀጉር ደጋፊ ስለሌለው በተረገጠ ቁጥር ይተኛል፤ መተላለፊያ ላይ ከተነጠፈማ ብዙም ሳይቆይ መንገድ ያወጣል።

የመንዝ ባና ከበግ ፀጉር ቢሠራም ድርና ማግ ብቻ ነው። በእጅ የሚቋጠር ስጋጃ ሌላ ሥራ አለበት። ሠራተኛዋ በተወጠረው ድር ላይ የሱፍ ክር በየሁለቱ ድር እየጠመጠመች ትቋጥርና ትቆርጣለች፤ የተቆረጠው ጫፍ ነው ፀጉሩ። ረድፉ ሲሞላ ማግ ታሳልፍበትና በከባድ ማበጠሪያ ቁልቁል ትጠቀጥቀዋለች። የቱርክ የሚባለው ቋጠሮ ሁለቱንም ድር እኩል ያቅፋል፤ የፋርሱ አንዱን ብቻ ዞሮ በሌላው ሥር ሾልኮ ይወጣል።

በ1949 እ.ኤ.አ. ሰርጌይ ሩደንኮ በአልታይ ተራሮች በረዶ ከሞላው መቃብር ያወጣው፣ ከ2,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረው የፓዚሪክ ምንጣፍ የተሠራው በዚሁ በቱርኩ ዓይነት ቋጠሮ ነው። በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የአርደቢል ምንጣፍ ደግሞ 10 ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል፤ በ946 ዓመተ ሂጅራ ኢራን ውስጥ ተሠርቶ ሲያልቅ 26 ሚሊዮን ያህል ቋጠሮ ገብቶበት ነበር። ሁሉም በጣት!

ዛሬ በየቤቱ ያለው አብዛኛው የማሽን ሥራ ነው። መርፌዎች ክሩን በተዘጋጀ ጨርቅ ውስጥ ይሰኩታል፣ ከጀርባ ሙጫ ይይዘዋል። የክሩ ቀለበት ሳይቆረጥ ከቀረ ለእግር ጠንከር ይላል፤ ከተቆረጠ ይለሰልሳል። ቀለበቱ ባልተቆረጠው ላይ ክር ብቅ ቢል በመቀስ መከርከም እንጂ መሳብ አያስፈልግም፤ ከተሳበ ረድፉን ይዞ ይተረተራል። ዘርፉም ብዙ ይናገራል፦ በእጅ በተቋጠረው የድሩ ጫፍ ራሱ ነው፣ በርካሹ ግን ብዙ ጊዜ ኋላ የተሰፋ ጌጥ ነው።

ሰው ልብ የማይለው አቅጣጫውን ነው። ፀጉሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ መዳፍ በአንድ በኩል ሲሄድ ይለሰልሳል፣ ሲመለስ ይሻክራል። (የሻጭ መዳፍ ሁልጊዜ የሚሄደው በለስላሳው ወገን ነው።) ጫፉ ወደ ተመልካቹ ሲዞር ብርሃኑ በክሮቹ መካከል ስለሚቀር ይጠቁራል፤ ከሌላው ወገን ሲታይ ይፈካል። ሁለት ቁራጭ ሲገጣጠም አንዱ በስህተት ከዞረ ከአንድ ጥቅል የወጣው ምንጣፍ ባለሁለት ቀለም ሆኖ ያርፋል። ያን ማጠብም መቦረሽም አያስተካክለውም፤ ተነስቶ እንደገና መነጠፍ አለበት።