የቤት ውሳጤና የንድፍ ባለሙያው

አንድ ሰው ቤት ሠራ ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ ልባችን የሚመጣው መሠረቱ፥ ግድግዳውና ጣራው ነው፤ ይሁን እንጂ ቤተ ሰብ ዘመኑን የሚፈጽመው በቤቱ ውሳጤ ስለ ሆነ፥ ማዕድ የሚቀርብበት፥ እንግዳ የሚስተናገድበት፥ ሕፃን የሚያድግበትና ሕመምተኛ የሚያገግምበት ክፍል በምን ሥርዐት እንደሚሰናዳ አስቀድሞ ማሰብ መሠረት ከመጣል የማያንስ ጉዳይ ነው። ለዚህ ተግባር የተቋቋሙ የውስጥ ንድፍ ቢሮዎች ዛሬ በአዲስ አበባ ይገኛሉ፤ ወደ እነርሱ የሚሄደው ባለቤት ግን ብዙ ጊዜ ከስልኩ ላይ የሌላ አገር ሳሎን ሥዕል አውጥቶ «ይህን የመሰለ ሥሩልኝ» ይላል። ሥዕሉ ምኞትን ለመግለጥ ይረዳ ይሆናል፤ ባለሙያው ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ግን የዚያ ቤተ ሰብ አኗኗር ነው፤ ይህንንም ከባለቤቱ በቀር ማንም ሊነግረው አይችልም።

አባቶቻችን የቤት አከፋፈል አኗኗርን መከተል እንዳለበት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ክቡን ቤተ ክርስቲያን ሲያንጹ ውሳጤውን በሦስት ከፍለው፥ ቅኔ ማኅሌቱን ለሊቃውንቱ ዝማሬ፥ ቅድስቱን ለሚቆርቡ ምእመናን፥ መቅደሱን ታቦቱ ለሚያርፍበትና ካህናት ብቻ ለሚገቡበት ምስጢር መድበው፥ የአገልግሎቱን ቅደም ተከተል በግድግዳና በበር አጸኑት። በመኳንንቱም ግቢ አዳራሹ ለግብር፥ እልፍኙ ለጌታው ዕረፍትና ምክር፥ ጓዳው ለስንቅና ለመጠጥ የተለየ ነበር። ክፍል የሚወለደው በውስጡ ከሚፈጸመው ተግባር ነውና፥ ዛሬ ሳሎኑንና ማድ ቤቱን ያለ ግድግዳ አንድ አድርጎ መክፈት ሲወደድ፥ ሽንኩርት ለረጅም ጊዜ በሚቁላላበትና በርበሬ በሚበዛበት ቤት ሽታው በሶፋውና በመጋረጃው ጨርቅ ተዋሕዶ እንዳይቀር፥ ቢያንስ ተንሸራታች የመስታወት በር በመካከል ቢገባ እመርጣለሁ።

የኮንዶሚኒየም ቤት የደረሳቸው ሰዎች እንደሚያውቁት፥ ቤቱ የውስጥ ሥራው ሳይጠናቀቅ ስለሚተላለፍ፥ ባለዕድሉ ቁልፉን በተረከበ ማግስት ወለል፥ ቀለም፥ ኮርኒስና ቁም ሳጥን ማሰብ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ልባም ንድፍ አውጪ ሜትሩን ከመዘርጋቱ በፊት ይጠይቃል። እንጀራ በቤት ይጋገራል ወይስ ከውጭ ይገዛል? የሚጋገር ከሆነ፥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ በመሆኑ፥ ከሌላው ሶኬት የተለየ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ቡናው በከሰል የሚፈላ ከሆነ፥ ከሰል የማይታይና የማይሸት መርዛም አየር የሚያወጣ ስለ ሆነ፥ ረከቦቱ የሚዘረጋው የሚከፈት መስኮት ባለበት በኩል ሊሆን ይገባል። በበዓል ቀን ስንት ሰው ይመጣል? ሐዘን ቢደርስ ለቅሶ ደራሹ የት ይቀመጣል? ጉልበታቸውን የሚያማቸው አያት አብረው ይኖራሉን? ውሃ በጠፋ ጊዜ ማጠራቀሚያው በርሜል የት ይቆማል? እነዚህን ጥያቄዎች የማይጠይቅ ቢሮ፥ ሥዕሉ ምንም ያህል ቢያምር፥ ሥራውን ገና አልጀመረም።

ከመልሱ በኋላ ልኬት ይከተላል። የማድ ቤት መደርደሪያ ጠረጴዛ በተለምዶ ከ85 እስከ 90 ሳንቲሜትር ከፍታ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ምጣዱ የራሱ ቁመት ስላለው በዚያው ላይ ቢቀመጥ ጋጋሪዋ ትከሻዋን ሰቅላ እንድትሠራ ያስገድዳታልና፥ ለምጣዱ ዝቅ ያለ መቀመጫ ለብቻው ማዘጋጀት የባለሙያውን አስተዋይነት ያሳያል። መተላለፊያ 90 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ሊኖረው፥ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ካለም ለመዞሪያው 150 ሳንቲሜትር ሊተውለት ይገባል።

ስለ ብርሃንም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ የምትገኝ ስለ ሆነች፥ የቀትር ፀሐይ በታኅሣሥ በደቡብ፥ በሰኔ ደግሞ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ስለዚህ ፀሐይ ዘወትር በደቡብ በምትታይበት በአውሮፓ የወጣ የመስኮትና የመጋረጃ ንድፍ እንዳለ ቢገለበጥ ለእኛ አይስማማም። ለእኛ ቤት ጥንቃቄ የሚሻው በጠዋትና በማታ ዝቅ ብሎ በምሥራቅና በምዕራብ መስኮት የሚገባው ጨረር ነው፤ ጨርቅንና እንጨትን የሚያደበዝዘው እርሱ ነውና። ለማታው ደግሞ በሳሎንና በመኝታ ቤት ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን የሚባለው ወርቃማ አምፖል ዓይንን ያሳርፋል።

ውሳጤና አፍአ በአንድ ሐሳብ ሲታነጹ ምን እንደሚመስሉ ለማየት የሚሻ ሰው በአዲስ አበባ የሚገኘውን የአፍሪካ አዳራሽ ይመልከት። ጣሊያናዊው አርቱሮ መዜዲሚ ንድፉን ያወጣለትና በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሕንፃ፥ በመግቢያው በኩል የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የሠሩትን፥ በሦስት መስኮቶች 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን ባለ ኅብረ ቀለም የመስታወት ሥዕል ይዟል። በዚያ ሥዕል ብርሃኑ፥ ግድግዳውና የአፍሪካ የነፃነት ታሪክ አንድ ሆነው ሲታዩ፥ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአህጉሪቱ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር የፈረሙበት ቤት ለዚያ ክብር የተገባ ሆኖ መሰናዳቱን እንረዳለን። እንዲህ ያለው ሥምረት ጥበቡ ከመጀመሪያው ሲታሰብ እንጂ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ሥዕል ገዝቶ በመስቀል አይገኝም።

የንግድ ቤት ሕግ ከመኖሪያው ይለያል፤ እዚያ ንድፉ ገበያውን ይመራልና። በፒያሳ በቶሞካ ቡና ቤት ደንበኛው በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ቆሞ ቡናውን ጠጥቶ ስለሚሄድ፥ ጠባቡ ቦታ ብዙ ሰው ያስተናግዳል፤ ሰው ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ እንዲነጋገርበት የሚፈለግ ምግብ ቤት ግን ሌላ መልክ ይሻል። ወለሉ ሴራሚክ፥ ግድግዳው መስታወት፥ ኮርኒሱ ጠንካራ ጂፕሰም የሆነ አዳራሽ ድምፅን ሁሉ መልሶ ስለሚወረውር፥ ጥቂት ሰዎች በገቡ ጊዜ ሁሉም መጮኽ ይጀምራል፤ ይህንንም በጨርቅ፥ በእንጨትና በምንጣፍ ማብረድ ይቻላል። ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቤት የአደጋ ጊዜ በሮች ወደ ውጭ የሚከፈቱ መሆን እንዳለባቸውም ከውበት በፊት ሊታሰብ ይገባል።

ስለ ውል ጥቂት ልበል። የንድፍ ዋጋ በካሬ ሜትር ወይም ከጠቅላላው ወጪ በመቶኛ ሊተመን ይችላል፤ የቱም ቢሆን፥ ዕቃውን የሚገዛው ማን እንደ ሆነ፥ ስንት ጊዜ ንድፉ እንደሚታረም፥ ባለሙያው ወደ ሥራው ቦታ መቼ መቼ መጥቶ እንደሚቆጣጠር በጽሑፍ መስፈር አለበት። ለሱቅ የተከራዩ ሰዎች የቤቱ ኪራይ ቁልፉን ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ ሊቆጠር ስለሚችል፥ ንድፉ አስቀድሞ ቢያልቅ ገንዘባቸውን ያድናሉ። የዕቃውን ናሙና በዓይን አይቶ በእጅ ዳስሶ መቀበል ይገባል፤ ውሃ በሚነካው ስፍራ ተራ ኤምዲኤፍ ያብጣልና፥ ለመታጠቢያ ቤት ቁም ሳጥን እርጥበት የሚችል ዕቃ ይጠየቅ። ክፍያውም ከሥራው ደረጃ ጋር እየተመዘነ በየጊዜው ይፈጸም። ልስኑ ከመሠራቱ በፊት ግን በግድግዳው ውስጥ የተቀበሩት የውሃ ቧንቧዎችና የኤሌክትሪክ መስመሮች አንድ በአንድ ፎቶግራፍ ይነሡ፤ ከተሻሻለው የመጨረሻ ንድፍ ጋር ተያይዘውም ለባለቤቱ ከቁልፉ ጋር አብረው ይሰጡ።