የተቋረጠ አገልግሎት ሲመለስ ስለሚገባው ቅደም ተከተል

መብራት በጠፋ ጊዜ ሰው ኹሉ የሚጠይቀው መቼ ይመለሳል ብሎ ነው። ሹም ግን መብራቱ ሳይጠፋ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የትኛው ቀድሞ ይመለስ፥ የትኛውስ ከቶ አይቋረጥ ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ በጊዜው ሳይጠየቅ የቀረበት አገር በ2013 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021) በየካቲት ወር ምን እንዳገኘው እንመልከት፤ አገሩም በአሜሪካ የሚገኘው የቴክሳስ ግዛት ነው።

ቴክሳስ በጋዝና በነዳጅ የበለጸገ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይልም አብዝቶ የሚያገኘው ጋዝ ከሚያነዱ ጣቢያዎች ነው። ጋዙን በቧንቧ ከሚገፉት መኪናዎች ደግሞ አንዳንዶቹ የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። በዚያ ወር ያልተለመደ ብርድ በወረደ ጊዜ የጋዝ ጕድጓዶችና የኃይል ጣቢያዎች በውርጭ ደርቀው ሥራ አቆሙ። የካቲት 8 ቀን ሌሊት ኃላፊዎቹ መላው መሥመር እንዳይወድቅ ሲሉ ከብዙ ሰፈር መብራት አቋረጡ። ባያቋርጡ ኖሮ ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ኹሉም ሊጠፋ ተቃርቦ ነበርና ማቋረጣቸው የሚነቀፍ አይደለም። የሚያሳዝነው መብራት ከተቋረጠባቸው መካከል ለኃይል ጣቢያዎቹ ጋዝ የሚልኩት ሥፍራዎች መገኘታቸው ነው። በዚህም ጋዙ ይልቁን አነሰ፤ ኃይሉም እንደዚሁ።

ለዚህ ከምክንያቶቹ አንዱ ወረቀት ነው። አንድ ሥፍራ መብራት እንዳይቋረጥበት የሚቀርብ ማመልከቻ ነበረ፤ ብዙ የጋዝ ኩባንያዎች ግን አልሞሉትም፤ መኖሩንም ያላወቁ ነበሩባቸው። እንደኛ አሳብ ወረቀቱን ያላመጣውን ጠርቶ የሚጠይቅ ሹም ሊኖር ይገባ ነበር።

ጕዳቱ ወደ ውሃውም ተሻገረ። የሚገፋው ኃይል ታጣ፤ ቧንቧዎችም በረዶ እየሠሩ ፈነዱ። በሂዩስተንና በኦስቲን ከተማ ሕዝቡ ውሃ አፍልቶ እንዲጠጣ ታዘዘ። ትእዛዙ ለጤና የተገባ ነበር፤ ነገር ግን ምድጃው በኤሌክትሪክ የሚሠራ፥ መብራቱም የጠፋበት ሰው በምን ያፍላው? የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት በዚያ ብርድ ምክንያት 246 ሰዎች እንደ ሞቱ ቈጥሯል።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የጋዙና የኤሌክትሪኩ ሥራ የሚገናኙባቸው ሥፍራዎች ተመርምረው በካርታ እንዲጻፉ በሕግ ታዘዘ። ካርታውም በሚያዝያ ወር 2014 ዓ.ም. ጸደቀ። ሥራው ከሕጉ ጀምሮ ቢቈጠር ዓመት እንኳ አልፈጀም።