በዓሣ ሰበብ የተነሣው የሚክማቆች ውል

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በኦገስት 1993 ዶናልድ ማርሻል የተባለ የሚክማቅ ነባር ሕዝብ ተወላጅ በካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ፣ ፖምኬት በሚባል የባሕር ወሽመጥ 210 ኪሎ ያህል ኢል አጠመደ። ኢል እባብ የሚመስል ረጅም ዓሣ ነው። ሸጦም 787 ዶላር ከ10 ሳንቲም አገኘ። ከዚያም ያለ ፈቃድ በማጥመድና በመሸጥ፣ በተከለከለ ወቅትም መረብ በመጣል ተከሰሰ። ማጥመዱንም ሆነ መሸጡን አልካደም። ቅድመ አያቶቹ በ1760 እና በ1761 ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር የተዋዋሉት ውል እንደሚፈቅድለት ነው የተከራከረው።

ነገሩ 230 ዓመት ወደኋላ ይወስደናል። የሚክማቆች አገር በእነሱ አጠራር ሚክማኪ ነው። ኖቫ ስኮሺያንና ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴትን፣ ከኒው ብረንዝዊክና ከኬቤክም የተወሰነውን ክፍል ይይዛል። ራሳቸውን “ልኑ” ይላሉ፤ ሰው፣ ሕዝብ እንደማለት ነው። “ሚክማቅ” የሚለው ስም “ዘመዶቼ” ወይም “ወዳጆቼ” የሚል ትርጉም ካለው ቃል እንደመጣ ይነገራል። በሞቃቱ ወራት ባሕር ዳር ሰፍረው ዓሣና ዛጎል ያላቸውን የባሕር እንስሳት ይሰበስቡ ነበር፤ ብርዱ ሲበረታ ሙስ የተባለውን ግዙፍ አጋዘን ለማደን ወደ ጫካው ይገባሉ። ከበርች ዛፍ ልጥ የሚሠሩት ቀላል ጀልባ ወንዙንም ባሕሩንም ይችላል።

ኢል ለእነሱ ምግብ ብቻ አልነበረም። ቆዳው ወለምታ ይታሰርበታል፣ ዕቃም ይጠፈርበታል። ማርሻል የያዘው ዓሣ እንዲህ ያለ ታሪክ ነበረው።

አገሩ በሰባት አውራጃ ተከፍሎ እያንዳንዱ የራሱ አለቃ ነበረው፤ ሁሉንም የሚያገናኘው ሳንቴ ማውዮሚ የተባለው ታላቁ ሸንጎ ነው፤ ዛሬም አለ። ከሸንጎው ሹማምንት መካከል እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ፑቱስ ነው። ሥራው ከዛጎል ዶቃ የተሠራውን የውል መታጠቂያ እያነበበ ሕዝቡ ከማን ጋር ምን እንደተስማማ ማስታወስ ነበር። የውልን ቃል መጠበቅ ራሱን የቻለ ሹመት ነበር ማለት ነው።

እንግሊዞች ግን በ1749 ሃሊፋክስን በቆረቆሩበት ዓመት፣ ገዥው ኤድዋርድ ኮርንዋሊስ ሚክማቆችን ለሚገድል ወይም ለሚማርክ ሽልማት እንደሚከፍል አውጆ ነበር። በእንዲህ ያለው ጠላትነት መካከል ግን በሁለቱ ወገኖች መሐል ከ1725 ጀምሮ ተከታታይ የሰላምና የወዳጅነት ውሎች ተፈረሙ። በእነዚህ ውሎች ሚክማቆች መሬታቸውን አሳልፈው አልሰጡም። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው።

አንደኛው ወገን ውሉን ከልጅ ልጅ እያስተላለፈ ሲጠብቅ፣ ሌላኛው ረሳው። በ1927 ታላቁ አለቃ ገብርኤል ሲሊቦይ የአይጥ ዝርያ የሆነ የውኃ እንስሳ ለቆዳው ሲሉ በማጥመዳቸው ተከሰሱ። ውሉን ጠቅሰው ተከራከሩ፤ ዳኛው ግን በ1928 ሚክማቆች ውል ለመዋዋል የሚበቃ ሕዝብ አልነበሩም ብሎ ፈረደባቸው። ይቅርታ የተጠየቁት በ2017፣ ከሞቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

የማርሻል በደል ደግሞ ከዓሣው ይቀድማል። በ1971፣ ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ባልፈጸመው ግድያ ተፈርዶበት 11 ዓመት ታስሯል። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን ዘረኝነት ለፍርዱ መዛባት ድርሻ እንደነበረው አረጋግጧል። ይህ ሰው ተመልሶ ፍርድ ቤት መቆሙና በውል አምኖ መሟገቱ ለእኔ ትልቅ ጽናት ነው። በሴፕቴምበር 17 ቀን 1999 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነጻ አወጣው። ሚክማቆች አጥምደውና ሸጠው “መጠነኛ ኑሮ” የማግኘት መብት አላቸው ተባለ።

መጠነኛ ስንት ነው? ፍርዱ ልኩን በቁጥር አላስቀመጠም። ፍርድ ቤቱ ከሁለት ወር በኋላ፣ መንግሥት ዓሣውን ከመመናመን ለመጠበቅ ቁጥጥር ማድረግ እንደሚችል አብራርቷል። ጥሉ ግን አልበረደም። በ2020 የሲፕክኔካቲክ ማኅበረሰብ ሚክማቆች ሎብስተር የተባለውን የባሕር እንስሳ በራሳቸው ሥርዓት ማጥመድ ሲጀምሩ ከአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ጋር ተጋጩ፤ የሎብስተር ማቆያ መጋዘንም ተቃጠለ።

ቋንቋቸውም ተጎድቷል። ከ1930 እስከ 1967 በሹበናካዲ በነበረው አዳሪ ትምህርት ቤት ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲናገሩ ይቀጡ ነበር። እዚያ የተማሩት ገጣሚ ሪታ ጆ የተነጠቁትን አንደበት በግጥም ጽፈውታል። ኖቫ ስኮሺያ የሚክማቆች ቋንቋ የግዛቷ የመጀመሪያ ቋንቋ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሕግ አውጥታለች፤ በሥራ ላይ የዋለው በኦክቶበር 1 ቀን 2022 ነው።

ቀኑ እንዲሁ አልተመረጠም። በ1752ቱ ውል እንግሊዞች በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ቀን ለሚክማቆች ብርድ ልብስ፣ ትምባሆና ባሩድ ሊሰጡ ተስማምተው ነበር። በ1986 ቀኑን የውል ቀን ብለው እንዲከበር ያወጁት ታላቁ አለቃ፣ የዓሣ አጥማጁ አባት፣ ትልቁ ዶናልድ ማርሻል ነበሩ።