በዱብሉቅ ንፋስ የሚፈትነው የክትባት ጉዞ

ከዱብሉቅ ከተማ ወጥተን አስፋልቱን እንደለቀቅን የእንስሳት ጤና ባለሙያው ሞተሩን አቁሞ ወረደ። የተበላሸ ነገር አልነበረም። ከመቀመጫው በላይ አስሮት የነበረውን የክትባት ሣጥን ፈትቶ፣ ወደ ራሱ ጀርባ አስጠግቶና ዝቅ አድርጎ በላስቲክ ገመድ እንደገና አሰረው። ከጎን የሚነፍሰው ንፋስ ሣጥኑን እየገፋ የሞተሩን የኋላ ክፍል ሲያወዛውዘው፣ ከኋላው በሌላ ሞተር ተፈናጥጬ የምከተል እኔም አይቼዋለሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ፣ በያቤሎና በሜጋ መካከል የምትገኘው ዱብሉቅ በከብት ገበያዋና በቱላ ጉድጓዶቿ ትታወቃለች። ክትባት ፈላጊው እንስሳ ግን ያለው ከተማው ውስጥ ሳይሆን በየኦላው፣ ማለትም በአርብቶ አደሩ መንደር ነው። ወደዚያ የሚያደርሰው የእግር መንገድ የሚመስል ጠባብ ጥርጊያ በመሆኑ ሥራው የሞተር ነው።

የቦረና አርብቶ አደር ከጥቅምት 2013 ዓ.ም ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈውበት መንጋውን ያጣ ነው። ከብቱ ያለቀበት ብዙ ሰው በዱብሉቅ መጠለያ ቆይቷል። ከዚያ የተረፈችውን ፍየል በበሽታ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ደስታ የተባለው የከብት በሽታ እ.ኤ.አ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፤ የበግና የፍየሉ ደስታ መሰል በሽታ ግን ገና አለ። እርሱንም እስከ 2030 ለማጥፋት ዓለም አቀፍ ግብ ተይዟል። ግቡ በመጨረሻ የሚወርደው እንዲህ ባለው ጥርጊያ በሚሄደው ሣጥን ላይ ነው።

አርብቶ አደሩ በክትባት ቀን መንጋውን ከግጦሽ ያስቀራል። በበጋ ከብቱ በየሦስት ቀኑ ከቱላ የሚጠጣበት ተራ አለው፤ ቀጠሮው ከተራው ጋር ከተጋጨ ተራው ያልፈዋል። ባለሙያው ይህን ስለሚያውቅ ይቸኩላል። በዚያ ላይ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት።

እዚህ ላይ ነው ስህተቱ የሚጀምረው። በአግባቡ በበረዶ የተሞላና በደንብ የተከደነ ሣጥን ቅዝቃዜውን ለሰዓታት ይይዛል። ጊዜ የማይሰጠው ከማሟሟያው ጋር የተቀላቀለ ክትባት ነው፤ እርሱም የሚቀላቀለው በረት ደጅ ላይ ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት መዘግየት ክትባቱን አይጎዳም። ሞተሩ ቢገለበጥ ግን ሣጥኑም ሰውየውም ተጎጂ ናቸው።

ንፋሱ የሚያታልለው ደግሞ አካሄዱ እኩል ስላልሆነ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ቁጥቋጦና ረጃጅም ኩይሳ ሲከልል ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ገላጣው ሜዳ ላይ ሲወጣ በድንገት ይመታል። አስፋልቱ ላይም እንዲሁ ነው፤ ሲኖትራክ ሲያልፍ ንፋሱን ለቅጽበት ይጋርዳል፣ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ግፊት ነው አሽከርካሪውን ከመንገድ የሚያስወጣው። ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ደግሞ አቧራውን እያሽከረከረ የሚሄደው አውሎ ይነሳል።

ከድንበሩ ማዶ፣ በኬንያ ማርሳቢት ግዛት፣ ከኢትዮጵያና ከኬንያ ከፍተኛ ቦታዎች መካከል ጠቦ የሚያልፈውን ንፋስ 365 ተርባይኖች ይዘው 310 ሜጋ ዋት ያመነጩበታል። እዚያ ሀብት የሆነው ንፋስ እዚህ የሞተረኛው ጠላት ነው።

ልምድ ያላቸው ሞተረኞች ሲነዱ ያየሁት ይህን ነው። መሪውን ጨብጠው አይታገሉትም፤ እጃቸውን ላላ አድርገው ታንከሩን በጉልበታቸው ይይዛሉ። ከፊት ንፋስ ሲበረታ ጎንበስ፣ ከጎን ሲመጣ ወደ መጣበት ዘንበል ይላሉ። ንፋሱ ከሚገፋበት የመንገድ ጠርዝ ይርቃሉ። ወተት ጭነው ወደ ገበያ የሚወርዱት ግማሽ የሆነ ጀሪካን አይወዱም፤ ወተቱ ሲንቦጫረቅ ሞተሩን ይዞት ይሄዳልና። የራስ ቁር አድርጎ መስታወቱን የሚያወርድ ግን ጥቂት ነው። አቧራ ዓይን ውስጥ ሲገባ ፍሬን የሚያዘው በጭፍን መሆኑን ስንቱ ወድቆ ተማረ!

ከሰዓት በኋላ፣ ሦስተኛውን በረት ጨርሰን ስንነሳ፣ በስተደቡብ ሰማዩ ጠቆረ። በዚህ አገር ዝናቡ ሳይደርስ ቀድሞ የሚመጣው አቧራ ያዘለ ቀዝቃዛ ንፋስ ነው። እርሱ ሲመጣ የቀረው ጊዜ ደቂቃዎች ነው። ቀጣዩ መንደር ከደረቁ ወንዝ ማዶ ነበር። ወንዙ ላይ ዝናብ ባይጥልም ራቅ ብሎ የዘነበው ድንገት ይሞላዋል፤ ከተሻገሩ በኋላ መመለሻ የለም። መረሬው አፈር ከረጠበም ጎማው አይዞርም።

ባለሙያው ለማቆም ጥቂት አመነታ። የዕለቱ ዕቅድ አምስት መንደር ነበር፤ ሪፖርቱ ላይ ሦስት ሲጻፍ የሚጠይቀው አለቃ አለ። በእኔ እምነት የዕቅድ ቅጹ ላይ ለንፋስና ለጎርፍ የሚሆን አንድ ዓምድ ቢኖር እንዲህ ያለው ማመንታት ይቀንስ ነበር።

በመጨረሻ ወደ ቀረብነው ቤት ዞረ። ብቻዋን ከቆመችው ግራር ሥር እንዳልጠጋ በእጁ ከለከለኝ፤ መብረቅ አለ። ሞተሩን ንፋሱ ከቀኝ በኩል እንዲመታው አዙሮ፣ ግፊቱ በግራ ያለው መደገፊያ ላይ እንዲያርፍ አቆመው። ከዚያ ሣጥኑን ፈትቶ ይዞ ገባ። ለቀሩት ሁለት መንደሮች በስልክ ቀጠሮው ወደ ነገ ጠዋት መዛወሩን ተናገረ። ሣጥኑን ከፍቶ ቴርሞሜትሩን አየ፤ 5 ዲግሪ ይላል።