«ሆፕ» ጌሾ ነውን? ስለ ቤት ውስጥ ቢራ ጠመቃ ቃላት አተረጓጎም

አማርኛ ለመጠጥ ጠመቃ የሚሆን የሙያ ቃል አያንሰውም። ብቅል፣ ጌሾ፣ ጥንስስ፣ ድፍድፍ፣ ጉሽ፣ ቅራሪ፣ አተላ የሚሉት ስሞች ጠላ ጠማቂዎች ለብዙ ዘመን ሲሠሩባቸው የኖሩ ናቸው። ሆኖም የውጭ አገር የጠመቃ መመሪያ ወደ አማርኛ በሚመለስበት ጊዜ ችግር የሚያመጣው የቃል እጦት ሳይሆን የቃል መኖር ነው። ተርጓሚው የሚመስለውን ቃል በቅርብ ስለሚያገኘው፣ ነገሩ አንድ መሆን አለመሆኑን ሳይመረምር ይተካዋል። በዚህ ጽሑፍ ይህን ችግር በአንድ ምሳሌ ለማብራራት እንሞክራለን። ምሳሌያችን ሆፕ የበዛበት «ፔል ኤል» የተባለውን ቢራ በቤት ውስጥ ለመጥመቅ ለጀማሪ የሚሰጥ መመሪያ ነው። መመሪያን የመረጥነው፣ በልብ ወለድ አንድ ቃል ቢሳሳት አንባቢ ቅር ቢለው ነው፤ በመመሪያ ቢሳሳት ግን መጠጡ ይበላሻል፤ ከዚያም አልፎ ጠርሙስ ይፈነዳል።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በእንግሊዝ አገር «ኤል» የሚለው ቃል በመጀመሪያ ሆፕ የማይገባበት መጠጥ ስም ነበር። ሆፕ ያለበት መጠጥ በ15ኛው ምእተ ዓመት ከባሕር ማዶ ገብቶ እየተስፋፋ ሲሄድ «ቢር» ተባለ። ዛሬ ሁለቱም ሆፕ ስላላቸው ልዩነቱ ጠፍቷል፤ «ኤል» የሚባለውም ሞቅ ባለ ሙቀት በሚሠራ እርሾ የሚጠመቀው የቢራ ዓይነት ነው። «ፔል» ማለት ነጣ ያለ ሲሆን፣ ብቅሉ በኮክ ከሰል እየደረቀ ሳይጠቁር መውጣት ከጀመረ በኋላ ከጥቁሮቹ መጠጦች ለመለየት የተሰጠ ቅጽል ነው። መጠጡ በአሜሪካ አዲስ መልክ የያዘው «ካስኬድ» የተባለው መዓዛማ የሆፕ ዝርያ በ1972 ለገበሬዎች ከተሰራጨ በኋላ ነው። በቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅም በዚያው አገር በ1978 በወጣ የፌዴራል ሕግ ተፈቅዷል (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ «ፔል ኤል» የአንድ መጠጥ መጠሪያ ስለሆነ እንዳለ ወስዶ በመጀመሪያው ቦታ ላይ መፍታት ይበቃል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ጀማሪው 20 ሊትር ያህል ቢራ ለማግኘት፣ ከብቅል ተዘጋጅቶ የደረቀ፣ በውሃ የሚሟሟ 3 ኪሎ ያህል ጣፋጭ ዱቄት ይይዛል። ይህን «የብቅል ዱቄት» ብሎ መተርጎም የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ በአማርኛ የብቅል ዱቄት ማለት የተፈጨ ብቅል ነውና። መመሪያውን ያመነ ሰው የተፈጨውን ብቅል ከውሃ ጋር በእሳት ላይ ቢጥደው የሚያገኘው ገንፎ ነው። እኛ «የብቅል ንጥር» የሚለውን እናቀርባለን፤ «ንጥር ቅቤ» ስንል ጥሩው ተለይቶ የወጣ መሆኑን እንደምንረዳው ሁሉ።

ንጥሩ በውሃ ከሟሟ በኋላ ለ60 ደቂቃ በእሳት ላይ ይፈላል፤ ከዚያም ወደ 20 ዲግሪ ሴልስየስ ያህል በፍጥነት ቀዝቅዞ እርሾ ይጨመርበታል። እዚህ ላይ «ፈላ» የሚለው ግሥ ያሰናክለናል። ውሃ በእሳት ላይ ይፈላል፤ ጠላና ጠጅም በጋን ውስጥ ያለ እሳት ይፈላሉ። ለጠላ ጠማቂ ዐውዱ ስለሚለይላት ችግር የለም። በመመሪያ ውስጥ ግን «መፍላት ሲጀምር ሆፕ ጨምር፤ መፍላቱ ሲያበቃ ስኳር ጨምር» የሚል ዓረፍተ ነገር ስለ የትኛው መፍላት እንደሚናገር አይታወቅም። እርሾውን በእሳት ላይ በሚፈላው ውስጥ የጨመረ ሰው እርሾውን ይገድለዋል። ስለዚህ «መፍላት»ን ለእሳቱ ሥራ ብቻ ትተን፣ ለእርሾው ሥራ «መብላላት» የሚለውን እንድንጠቀም እንመክራለን።

ከእሳት የወጣው፣ ገና እርሾ ያልነካው ጣፋጭ ፈሳሽ «ጥንስስ» ሊባል ይችላልን? አይችልም። ምንም እንኳ ልማዱ እንደ አካባቢው ቢለያይም፣ ጥንስስ የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ተዘፍዝፎ ለጥቂት ቀናት የሚቆይበት፣ መብላላት የሚጀምርበት ደረጃ ነው። ድፍድፍም እህሉን በውስጡ የያዘ ወፍራም ነገር ነው። ለዚህኛው ግልጽ የሆነው «የብቅል ውሃ» ይሻላል።

ከሁሉ የከበደው ግን «ሆፕ» ነው። ሁለቱም መራራ ስለሆኑና ለመጠጥ ስለሚውሉ ሆፕን በጌሾ መተርጎም የተለመደ ነው። ነገር ግን ጌሾ (ራምኑስ ፕሪኖይድስ) ቅጠሉና እንጨቱ የሚያገለግል ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ሆፕ (ሁሙሉስ ሉፑሉስ) የሴቴው አበባ የሚያገለግል ሐረግ ነው። የአሠራር ልዩነቱ ደግሞ ከዕፀዋት ዝምድናው ይበልጣል። በሆፕ ውስጥ ያሉት አልፋ አሲዶች ተገቢውን መራራነት የሚሰጡት በእሳት ላይ ሲቆዩ ተለውጠው ነው፤ መዓዛውን የያዙት ዘይቶች ግን በእሳቱ በንነው ይጠፋሉ። ስለዚህ ጠማቂው አንዱን ክፍል፣ 30 ግራም ያህል፣ ፈሳሹ መፍላት ሲጀምር ለምሬት ይጨምራል፤ ሌላውን ከእሳት ሊያወርድ ሲል ለመዓዛ ይጨምራል። የጌሾ ምሬት ከሌላ ንጥረ ነገር የሚመጣ ስለሆነ፣ ይህ የጊዜ አከፋፈል ለጌሾ ትርጉም አይኖረውም። «30 ግራም ጌሾ» ብሎ የተረጎመ ሰው ቃል ሳይሆን የመጠጡን ዓይነት ለውጧል።

ሆፕ በሦስተኛም ጊዜ ይገባል፤ ይኸውም መብላላቱ ሊያበቃ ሲቃረብ ነው። የእንግሊዝኛው አነጋገር ቃል በቃል «በደረቁ ሆፕ ማድረግ» ይሆናል፤ ነገር ግን ሆፑ የሚገባው ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ አንባቢን ያደናግራል። እዚህ ግን የራሳችን ግሥ አለልን፦ «ሆፕ መዘፍዘፍ»። ያለ እሳት በፈሳሽ ውስጥ አቆይቶ ጣዕሙን ማውጣት ማለት ነውና፣ ግሡ ከጌሾው ተወስዶ ለሆፑ በትክክል ይሠራል።

በመጨረሻም ቢራው በየሊትሩ ከ6 እስከ 7 ግራም ስኳር ተጨምሮበት በጠርሙስ ይታሸጋል። መመሪያው ይህ የሚሆነው መብላላቱ ፈጽሞ ካበቃ በኋላ መሆኑን ያስጠነቅቃል። ተርጓሚው «ሲደርስ» ቢል ዐረፍተ ነገሩ ያምራል፤ አደጋውም እዚያው ነው። ጠላ ደረሰ የሚባለው ለመጠጣት ሲመች ነው፤ ያን ጊዜም ገና እየተብላላ ሊሆን ይችላል። ጋን ስለሚተነፍስ ጉዳት የለውም፤ የታሸገ ጠርሙስ ግን ይፈነዳል። ስለዚህ «የጥግግት መለኪያው ለተከታታይ ቀናት አንድ ዓይነት ቁጥር ሲያሳይ» ብሎ ማርዘም ይሻላል።

ከዚህ በላይ ከተመለከቱት ምሳሌዎች ሦስት መመሪያዎች እናገኛለን። አንደኛ፣ ነገሩም ሥራውም አንድ ሲሆን የራሳችንን ቃል እንውሰድ፤ መጥመቅ፣ ብቅል፣ አተላ እንደሆኑት። ሁለተኛ፣ የራሳችን ቃል ሁለት ትርጉም ሲሸከም አንዱን እናውርድለት፤ መፍላትና መብላላት እንደሆኑት። ሦስተኛ፣ አገልግሎቱ ቢመሳሰልም ነገሩ ሌላ ሲሆን እንዋስ፤ ሆፕ እንደሆነው።

መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም በ«ሆፕ» ሥር «ጌሾ» ብለው ከማቆም «ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጥ የሐረግ አበባ» ብለው ቢፈቱት ይበጃል። ይህ በግልባጩም ይሠራል። ጌሾን ለውጭ አንባቢ «ሆፕ» ብለን ስንተረጉም የምናጠፋው የራሳችንን ተክል ነው። አንባቢው ጠላን የቢራ ቅጂ አድርጎ ይረዳዋል፤ ጌሾ የሚባል ሌላ ነገር በዓለም ላይ መኖሩንም ሳያውቅ ይቀራል። ቃል መዋስ የቋንቋ ድህነት የሚመስላቸው አሉ፤ በዚህ ረገድ ግን «ሆፕ»ን መዋሳችን «ጌሾ»ን መጠበቃችን ነው።