የምርምር ድጎማና ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ

በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ለምርምር ከሚሰጠው ድጎማ ከፊሉ ለጥናቱ ይውላል፤ ከፊሉ ደግሞ ለሕንፃ፣ ለመብራትና ለሒሳብ አያያዝ ነው። ይህን ሁለተኛውን ከወቅፍ ገቢ ለጥገናና ለናዚሩ ክፍያ ከሚለየው ድርሻ ጋር እናመሳስለዋለን። መጠኑን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ተደራድሮ ያስወስን ነበር፤ 50 በመቶ የተፈቀደለት ለ100 ዶላር የጥናት ወጪ 50 ዶላር ይጨመርለታል።

የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋም እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2025 ለሁሉም 15 በመቶ ብቻ እንዲሆን አስታወቀ፤ ሥራ ላይ ሊውል በነበረበት በፌብሩዋሪ 10 ግን ፍርድ ቤት አገደው። ስለዚህ ተመራማሪው ማስታወቂያ ሰምቶ ረዳቱን ከማሰናበቱ በፊት የድጎማ ውሉን እንዲመረምር፣ የዩኒቨርሲቲውን የድጎማ ክፍል እንዲጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ እንዲይዝ እንመክራለን። ወቅፍ በሰጪው ሸርጥ እንደሚተዳደር ሁሉ ድጎማም የሚተዳደረው በውሉ ነው።