በመራቢያ ወቅት ዓሣ ስለማስገር
የጣና ሐይቅ ባርበስ

በክረምት የጉማራ፣ የርብ፣ የመገጭና የግልገል ዓባይ ወንዞች ሞልተው ወደ ጣና ሲገቡ፣ ባርበስ የተባለው ዓሣ በወንዞቹ አፍ ይከማቻል። በዚያ ሥፍራ መረብ የጣለ አስጋሪ በአንድ ሌሊት ብዙ ያገኛል። ነገር ግን የሚያወጣው ዓሣ እንቁላል የተሸከመ ስለሆነ፣ የሚመጡትን ዓመታት ምርት አስቀድሞ መብላት ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱንና መፍትሔውን ለልማት ሠራተኞችና ለአስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት እናስረዳለን።

የዓሣው ጠባይ

በጣና ከ15 ያላነሱ የባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹም በሌላ አገር አይገኙም። ከእነዚህ ቢያንስ ሰባቱ እንቁላላቸውን ለመጣል ከሐይቁ ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ጊዜው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ሲሆን፣ በነሐሴና በመስከረም ይበረታል። እንቁላሉ የሚያርፈው ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው። ደለል ከሸፈነው አየር አጥቶ ይሞታል።

ቆሮሶ ቶሎ አድጎ በዓመት ደጋግሞ ስለሚራባ የተጎዳውን ቶሎ ይተካል። ባርበስ ግን ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ዘግይቶ ለመራባት የሚደርስ ዓሣ ነው። ስለዚህ ከተመናመነ በኋላ መመለሱ ረዥም ጊዜ ይፈጃል።

የደረሰው ጉዳት

እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በጣና ሥራ ላይ መዋል ጀመረ። አስጋሪውም ወደ ሩቅ ወንዞች አፍ ለመድረስ ቻለ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በተደረገው ክትትል የባርበስ ምርት በ75 በመቶ ገደማ ቀንሷል። የጫጩቶቹ ቁጥር ደግሞ ከዚህም በባሰ ሁኔታ አሽቆልቁሏል።

ምን ይደረግ?

1. ከነሐሴ እስከ መስከረም መጨረሻ በወንዝ አፍና በወንዙ ውስጥ መረብ አይጣል። የመረብን ዓይን ማስፋት ብቻውን አይበቃም፤ ሰፊው ዓይን የሚይዘው ለመራባት የደረሰውን ትልቁን ዓሣ ነውና።

2. በመንጠቆ የሚያሰግር ሰው የያዘውን ሆድ በእርጥብ እጅ ቀስ ብሎ ይዳብስ። እንቁላል ወይም ነጭ ፈሳሽ ከወጣ መራቢያ ላይ ስለሆነ፣ ሳይቆይ ወደ ውሃው ይመልሰው። በመረብ ታንቆ ያደረ ዓሣ ግን ይህ ዕድል የለውም።

3. የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወደ ወንዝ መጨመር ትልቁንም ትንሹንም በአንድነት ስለሚፈጅ ፈጽሞ ይቅር።

4. ዓሣው ከሚራባበት ወንዝ ጠጠርና አሸዋ አይዛቅ። የወንዙ ዳር ሣርና ዛፍ ይጠበቅ። ለመስኖ ሲጠለፍም ወንዙ ጨርሶ እንዳይደርቅ ከገበሬው ጋር ስምምነት ይደረግ።

የማኅበራት ድርሻ

ልጆቹን በዓሣ ሽያጭ የሚያሳድገውን አስጋሪ «ሁለት ወር ተው» ብሎ መሄድ ብቻ ውጤት አይሰጥም። ስለሆነም ማኅበሩ ዓሣ በብዛት ከሚፈለግበት ከዐቢይ ጾም ሽያጭ ጥቂት እየቀነሰ ለክረምቱ ቢያስቀምጥ መልካም ነው። በተከለከሉት ሳምንታትም አባላቱ ከወንዝ አፍና ከደንገሉ ዳር ርቀው ቆሮሶና አምባዛ ሊያሰግሩ፣ መረባቸውንና ታንኳቸውንም ሊጠግኑ ይችላሉ።

የልማት ሠራተኛው ስብሰባውን ዝናቡ ሳይገባ፣ በግንቦት ይጥራ። የማኅበሩ አባል ያልሆኑ አስጋሪዎችም ይገኙ። አንዱ ሲታቀብ ሌላው ከጣለ፣ የታቀበው ብቻ ይከስራልና ውሳኔው የሁሉም መሆን አለበት።